ራሴት ፖም ደብረ ብርሃን ላይ፦ አንድ ቅርንጫፍ እንጂ አንድ ዛፍ አይትከሉ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። የጻፉልኝ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ እናት ናቸው። አምና እንግሊዝ ልጃቸው ጋ ከርመው ነበር። እዚያ «ኤግረሞንት ራሴት» የሚባል፣ ልጣጩ ቡናማና ሻካራ የሆነ ፖም በልተው በጣም ወደዱት። «ጓሮዬ ሁለት አና እና አንድ ዶርሴት ጎልደን የሚባሉ የፖም ዛፎች አሉኝ። ራሴት የሚባለውን መትከል እችላለሁ? ዘሩን በወረቀት ጠቅልዬ አምጥቻለሁ፣ ልዝራው? ወይስ ልጄ ለገና ስትመጣ ችግኝ ታምጣልኝ? ደግሞ ዘንድሮ የዶርሴቴ ልጣጭ ቡናማ ሆኖብኛል፣ በሽታ ነው ወይስ እሱም ራሴት ሆነ?» ይላሉ።

እትዬ፣ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል። ይሄን ፖም የወደደ ሰው እዚህ አካባቢ ብዙ አላጋጠመኝም። አብዛኛው ሰው ፖም ሲባል የሚታየው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲገምጡት ውሃው አገጭ ላይ የሚወርድ ነው። ራሴት ገበያ ላይ ቢቀመጥ «ይሄ ተበላሽቷል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ደግሞ ከፖም ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፣ ምክንያቱም ልጣጩን ከተረዱ ሌላው ይቀልዎታል።

ማድ ቤት ይግቡና አንድ ድንች ያንሡ። ልጣጩን በአውራ ጣትዎ ይሹት። ደረቅ ነው፣ ትንሽ ይሻክራል፣ አያብረቀርቅም። የራሴት ፖም ልጣጭ በባሕርዩ ከዚያ ጋር አንድ ነው። ፖም ገና ጠጠር እያለ በላዩ ስስ የሰም ሽፋን አለው። ፍሬው ቶሎ ሲያብጥ ያ ሽፋን በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይሰነጣጠቃል። ዛፉ ታዲያ ስንጥቁን ክፍት አይተወውም፤ ከስር የቡሽ ዓይነት ሽፋን ሠርቶ ይደፍነዋል። ቡናማው ነገር ያ ነው። ቁስል የሻረበት ጠባሳ ነው ቢሉ አልተሳሳቱም። በራሴት ዝርያዎች ላይ ይሄ በዘር የመጣ ስለሆነ ፍሬው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ይለብሰዋል። በሌሎቹ ላይ ግን የአየር ነገር ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ባለው የመጀመሪያው አንድ ወር ከምናምን ውስጥ ጉም ከበዛ፣ ጤዛው እስከ ረፋድ ካልደረቀ፣ ውርጭ ከነካው ወይም መዳብ ያለበት መድኃኒት ከተረጨ ለስላሳው ፖም ቡናማ ይሆናል። የጎልደን ወገን የሆኑት ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው። የእርስዎ ዶርሴት ጎልደንም እንግዳ ነገር አላደረገም። የጣርማበርና የአንኮበር ጉም በሚደርስበት ጓሮ ያለ ሰው ይሄን በየጊዜው ያያል።

በሽታ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ፍሬውን ብቻ አይዩ፣ ቅጠሉንም ይዩ። ራሴት ደረቅ ነው፣ ቀለሙ የድንች ነው፣ በጥፍር ሲፍቁት ከስሩ ጤነኛ ሥጋ ነው፣ ቅጠሉም ደህና ነው። ስካብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ከሆነ ነጠብጣቡ ወደ ጥቁርና ወደ ጥቁር አረንጓዴ ያደላል፣ መጀመሪያ ላይ ከፋይ ይመስላል፣ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉ ላይም ያው ነጠብጣብ አለ። ቡናማው እንደ መረብ ከሆነና የቀንበጡ ጫፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ደግሞ ዱቄታማ ሻጋታ ነው፤ የነጣውን ጫፍ ቆርጠው ከጓሮ ያውጡት። ከነዚህ አንዱም ካልሆነ ዶርሴትዎን ይብሉት። እንዲያውም ቡናማውንና ለስላሳውን ለይተው ይቅመሱ። ቡናማው ልጣጭ ውሃ ስለሚያሳልፍ ፍሬው ትንሽ ይደርቅና ጣዕሙ ይጠነክራል። በከፊል ያገኙት የራሴትን ጣዕም ነው።

ራሴት የሚለው ስም በራሱ ደስ ይለኛል። ድሮ የእንግሊዝ ገጠር ሰው የሚለብሰው፣ ቤት የተፈተለ፣ ሻካራ፣ ቡናማ የሱፍ ልብስ ራሴት ይባል ነበር። የመንዝ በርኖስ ማለት ነው በቃ። ብርድ የሚችል፣ ሲነኩት የሚኮሰኩስ፣ ሲለብሱት የሚሞቅ። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ፖም ሳይ በርኖስ ለብሶ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው የሚመስለኝ።

እርስዎ የበሉት ኤግረሞንት ራሴት መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ እያሉ ማለት ነው። ትውልዱ ደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥ ፔትወርዝ በሚባል የሎርድ ኤግረሞንት ርስት እንደሆነ ይነገራል። በዕድሜ ከሱ የሚበልጡ ራሴቶችም አሉ። አሽሚድስ ከርነል የሚባለው ከ1700 አካባቢ ጀምሮ ግሎስተር ውስጥ የቆየ ነው፣ አሜሪካ ያለው ሮክስበሪ ራሴት ደግሞ ከዚያም የቀደመ ነው። ኤግረሞንት ግን እንግሊዝ ሱቅ ውስጥ እስከ ዛሬ ከሚገኙት ጥቂት አሮጌ ዝርያዎች አንዱ ነው። ፍሬው መካከለኛ ወይም አነስ ያለ፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ሥጋው ወደ ክሬም ያደላል፣ ደቃቅና ደረቅ ብሏል፣ ብዙ ውሃ የለውም። ጣዕሙ ለውዝ ለውዝ ይላል። እዚያ የሚለቀመው በመስከረም አጋማሽ ወይም መጨረሻ ነው፣ በደንብ ከተቀመጠ እስከ ገና አካባቢ ይቆያል።

ወደ ዘሩ ልምጣ። ይዝሩት፣ ግን ራሴት ይሆናል ብለው አይጠብቁ። ፖም እንደ ገብስ አይደለም። እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ከእናቱና ንብ ካመጣችው ሌላ አባት የተወለደ አዲስ ልጅ ነው። አባቱ ማን እንደሆነ እርስዎም እኔም አናውቅም። ለማፍራት ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴ ዐሥር ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ የሚያገኙት ትንሽና መጣጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ዝርያ ለ150 ዓመት ሳይለወጥ የቆየው ሰው ቅርንጫፉን እየቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ ስላዳቀለው ብቻ ነው። እርስዎ የበሉት ፍሬ የመጣበት ዛፍና በ1872 የነበረው ዛፍ በሥጋ አንድ ናቸው። ዘሮቹ ከበቀሉ ግን አይጣሉ፣ ለማዳቀያ ግንድ ይሆናሉ።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ደብረ ብርሃን ላይ ይበቅላል ወይ?

መብቀሉን ይበቅላል። ችግሩ መንቃቱ ላይ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ባለሙያ ነን የምንለውም ጭምር። «ፖም ብርድ ይወዳል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርድ ነው፣ ታዲያ ምን ቸገረ?» ይባላል። ፖም የሚፈልገው ግን ብርድ ሁሉ አይደለም። እንቅልፍ የያዘው እንቡጥ ለመንቃት የተወሰነ የብርድ ሰዓት ማጠራቀም አለበት። እንደ ኤግረሞንት ያሉት የእንግሊዝ ዝርያዎች በጥቅሉ ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ይፈልጋሉ ተብሎ ይታሰባል። የእርስዎ አና እስራኤል ውስጥ ለሞቃት አገር ተብላ የተዳቀለች ስለሆነች ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃታል፤ ዶርሴት ጎልደንም ባሃማስ የተገኘ ነው። እነሱ እዚህ የሚያፈሩት ለዚህ ነው።

ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል? ዩታ በሚባለው የአቆጣጠር ዘዴ በሙሉ የሚቆጠረው ከ2.5 እስከ 9 ዲግሪ አካባቢ ያለው ሰዓት ነው። ውርጭ የጣለበት፣ ዜሮ የነካው ሰዓት አይቆጠርም። ከ16 ዲግሪ በላይ የሆነ ሰዓት ደግሞ ከተጠራቀመው ላይ ይቀንሳል። አሁን የኅዳርን ቀን ያስቡት። ሌሊቱን አመዳይ ሣሩን አንጥቶታል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ጋቢዎን አውልቀው ይቀመጣሉ፣ ቀትር ላይ 18 ወይም 20 ዲግሪ ይሆናል። ዛፉ ሌሊት የቆጠበውን ቀን ያወጣዋል ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ክረምቱ ወር ሁለት ወር ሙሉ ቀንም ሌሊትም ደመናማና ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ከኛ ውርጭ የለሰለሰ ብርድ ነው፣ ግን ሳያቋርጥ ይቆጠራል።

ብርዱ ያልሞላለት ፖም ምን ይመስላል? ቅርንጫፉ ከታች እስከ ላይ ራቁቱን ይቀራል፣ ጫፉ ላይ ብቻ አንድ ጭብጥ ቅጠል ይወጣል። ሙሉ ሰውነቱ መላጣ፣ አናቱ ጎፈሬ። አበባው አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎት፣ ምክንያቱም በእርስዎም ላይ ሊደርስ ነው። ከዓመታት በፊት ብርድ የሚፈልግ አንድ የአውሮፓ ዝርያ ጓሮዬ ላይ አዳቅዬ ነበር። ቅርንጫፉ የመጣው ከነክረምቱ ነው፣ ማለትም እዚያው አገሩ ላይ ብርዱን ጠጥቶ ጨርሷል። ካዳቀልኩት በኋላ በሦስት ሳምንት እንቡጡ ሁሉ ፈነዳ። ቅጠሉ ሲያምር! ለሰው ሁሉ አሳየሁ፣ ለጎረቤትም አዳቀልኩ። በሁለተኛው ዓመት ግማሹ ሳይነቃ ቀረ። በሦስተኛው ጎፈሬው መጣ። የመጀመሪያው ዓመት ውበት የእኔ ጓሮ ሥራ አልነበረም፣ አገሩ የሰጠው ስንቅ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ ያመጣችው ራሴት ዘንድሮ ቢያምር አይፍረዱ። ፍርዱን ለሦስተኛው ዓመት ያቆዩት።

ለዚህ ነው ሙሉ ዛፍ አይትከሉ የምልዎ። ካሉዎት ሁለት አናዎች በአንዱ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ራሴት ያዳቅሉ። ባይሳካ ቅርንጫፏን ይቆርጡና አናዎ ይቀጥላል። ቢሳካ ደግሞ እንደሚያዩት አንድ ቅርንጫፍ መሆኗ በብዙ ነገር ይረዳዎታል።

ተስፋ የሌለው ነገር እንዳይመስልዎ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ምሥራቅ ጃቫ፣ ባቱ በሚባል ደጋ ሮም ቢዩቲ የሚባለውን ብርድ ወዳድ ፖም ያመርታሉ። እዚያ ክረምት የሚባል ነገር የለም። የሚያደርጉት ቀላል ነው፤ ፍሬው ከተለቀመ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ እንቡጡ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳይገባ፣ ቅጠሉን በእጃቸው ያራግፉታል። ቅርንጫፉንም ወደ ጎን ያጎነብሱታል። እንቡጡ ሳይተኛ ይወጣል። ያልተኛን ሰው መቀስቀስ አያስፈልግም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እኛ ጋ የሚለየው ውርጩ ነው። ባቱ ላይ ቅጠሉን በፈለጉት ወር ቢያራግፉ አበባውን የሚገድል የለም። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ውርጭ አለ፣ የተከፈተ አበባ ደግሞ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ከነካው ይጠቁራል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለዎት።

አንደኛው ጥር ላይ ማራገፍ ነው። አበባው የካቲት መጨረሻ ይወጣል፣ ውርጩ አልፏል፣ በልግ ከጣለም ጥሩ ነው። ጉዳቱ ግን ሁለት ነው። ራሴቷ እስከ ጥር ድረስ ተኝታለች፣ ግማሹ እንቡጥ እምቢ ሊል ይችላል። ከአበባ እስከ ለቀማ አምስት ወር ግድም ስለሚፈጅ ፍሬው የሚደርሰው ሐምሌ መጨረሻ ነው። የሐምሌን በረዶ ያውቁታል፣ ደመናውንም ያውቁታል። ፀሐይ ያላገኘ ራሴት ስኳሩ አይሞላም፣ ድንችነቱ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማራገፍ ነው። አበባው ከአደይ አበባ ጋር፣ መስከረም መጨረሻ ገደማ ይወጣል። ዝናቡ ቆሟል፣ ንቡ ወጥቷል። ፍሬው የበጋውን ፀሐይ ሁሉ ጠጥቶ የካቲት ላይ ይደርሳል፣ በረዶ አይነካውም። ጠላቱ ውርጭ ብቻ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ያልኩት እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። ሙሉ ዛፍ በየሌሊቱ መሸፈን አይቻልም፤ አንዲት ቅርንጫፍ ግን በአሮጌ ዝተት ወይም በጆንያ መሸፈን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መቼ እንደሚሸፍኑ እኔ አልነግርዎትም፣ ያገሩ ሰው ነዎት። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ያለበት ምሽት የዚያን ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ፀሐይ ስትወጣ ይግለጡት። ጨርቁ ፍሬውን ተጭኖ እንዳይቀመጥ ሁለት ሦስት እንጨት ተክለው በላዩ ይዘርጉት።

ቅጠሉን ሲያራግፉ አይጎትቱ። ቅጠሉን ይዘው ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ አቅጣጫ ገፋ ቢያደርጉት እግሩ ላይ ቀጭ ይላል። ወደ ታች ከጎተቱት ብብቱ ስር ያለውን እንቡጥ ይዞት ይሄዳል፣ ያ እንቡጥ ደግሞ የመጪው ዓመት ፖምዎ ነው። ከዚያ ቅርንጫፏን በሲባጎ አስረው ከካስማ ጋር ወደ ጎን ያጎንብሷት። ቀጥ ብሎ የቆመ ቅርንጫፍ ጫፉ ያለው እንቡጥ የታችኞቹን ይጫናቸዋል፤ ሲጋደም ሁሉም እኩል ዕድል ያገኛል።

ስለ ማምጣቱ። ችግኝ አታምጣ። ቅርንጫፍ ብቻ ይበቃል፣ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው፣ ባለፈው ዓመት የበቀለ፣ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ሦስት አራት ዘንግ። ገና ሲሆን እንግሊዝ አገር ዛፉ ተኝቷል፣ ጊዜው ልክ ነው። ግን እባክዎን በሻንጣ ሸሽጋ አታምጣው። ከእንግሊዝ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ ከዚህ ደግሞ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። ይሄን የምለው ለሥርዓት ብቻ አይደለም። ፋየር ብላይት የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ፣ ቀንበጡን እሳት እንደለበለበው የሚያጠቁር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አለ። ጤነኛ በሚመስል ቅርንጫፍ ውስጥ ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። እርስዎ ጓሮ ቢገባ በአጥር አይቆምም፣ ፖም ተክሎ ልጁን የሚያስተምር ጎረቤት አለዎት። ፈቃዱ ካልደረሰ አንድ ዓመት ይጠብቁ፣ ፖሙ 150 ዓመት ጠብቋል።

ዘንጎቹ ሲደርሱ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ በፌስታል አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ፖም ወይም ሙዝ ካለ ያውጡት፣ የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ እንቡጡን ይገድላል።

ማዳቀሉን አንድ የሚያውቅ ልጅ ቢሠራልዎት ይሻላል፣ ግን ምን ማየት እንዳለብዎ ልንገርዎት። ቢላዋው እንደ ምላጭ መሆን አለበት። የአናውን ቅርንጫፍም ራሴቱንም ሰያፍ አድርጎ፣ የአውራ ጣት ርዝመት ባለው ቁርጥ፣ በአንድ ምት ይቁረጥ፤ ከቆረጠ በኋላ የሚሞርድ ከሆነ አስቁሙት። ቁርጡን ጠጋ ብለው ቢያዩት በቅርፊቱና በነጩ እንጨት መካከል ፀጉር የምታክል አረንጓዴ መስመር አለች። ሕይወቱ እሷ ናት። የሁለቱ መስመር ቢያንስ በአንድ ጎን ካልተገናኘ አይይዝም፣ የቀረው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም። ከዚያ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ የዘንጉን ጫፍ በቀለጠ ሻማ መድፈን። ሻማው ይቅለጥ እንጂ አይፍላ። ቦታው ከላይ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ጠንካራ ቅርንጫፍ ይሁን። ከታች ጥላ ውስጥ ካዳቀሉት አና በጉልበቷ ትውጠዋለች። በዙሪያው የሚወጣውን የአና ቀንበጥ እየቆረጡ መንገድ ይስጡት። ቀንበጡ ስንዝር ሲሞላ ላስቲኩን ይፍቱት፣ ካልሆነ ያንቀዋል።

አበባ ሲመጣ ሌላ አባት ያስፈልጋታል። ኤግረሞንት በራሷ የአበባ ዱቄት ትንሽ ታፈራለች፣ ግን አና ወይም ዶርሴት አጠገቧ ሲያብብ ነው የሚያምርባት። አና ፈጣን ስለሆነች ከራሴቷ ቀድማ ታብባለች። እኔ የራሴቷን ቅጠል መጀመሪያ አራግፌ የአናውን ከዐሥር ቀን በኋላ አራግፋለሁ። እንዲያም ሆኖ ካልገጠመ ከዶርሴቱ ያበበ ቅርንጫፍ ቆርጠው በባልዲ ውሃ ራሴቷ ስር ያቁሙ። ንቦቹ ያደርሱታል።

ስለ አፈሩ አጭር ነገር። አናዎቹ ዋልካ ላይ ከሆኑ ክረምት ውሃ ግንዱ ስር እንዳይተኛ ቦይ ይቅደዱ። ሌላው አመድ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን አመድ ሁሉ ፖም ስር መድፋት እዚህ የተለመደ ነው፣ ለጎመኑ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ኤግረሞንት ግን ሥጋው ውስጥ ቡናማ መራራ ነጥብ የሚያወጣ ሕመም ይወዳታል፣ ምክንያቱ ፍሬው ካልሲየም ሲያጥረው ነው። አመድ ውስጥ ያለው ብዙ ፖታሽ ካልሲየሙን ይሻማዋል። ዩሪያም ሲበዛ ያው ነው። ፍግ በመጠኑ፣ ውሃ ደግሞ ሳይቋረጥ፣ ሳይበዛ። አንድ ሳምንት አድርቆ አንድ ቀን ማጥለቅለቅ ነው የሚያሳምማት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ፍሬ ቢይዝም ያራግፉት። በሦስተኛው ከእያንዳንዱ ዘለላ አንዱን ብቻ ይተዉ።

መድረሱን በቀለም አይጠብቁ፣ ቡናማ ስለሆነ አይነግርዎትም። መዳፍዎን ከስሩ አድርገው ፍሬውን ቀና ያድርጉትና ትንሽ ያዙሩት፤ ከደረሰ እግሩ ራሱ ይለቃል። አንዱን ይቁረጡት፣ ዘሩ ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ቡናማ ከሆነ ይልቀሙ። ያኔውኑ አይብሉት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀመጥ፣ ለውዙ የሚመጣው ያኔ ነው። ልጣጩ ውሃ ስለሚያሳልፍ መደርደሪያ ላይ ክፍት ካስቀመጡት በአጭር ጊዜ እንደ አሮጊት ጉንጭ ይጨማደዳል። በካርቶን ውስጥ የገብስ ገለባ አንጥፈው፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይደርድሩት፣ በላዩ በሳሳ ፌስታል ይሸፍኑትና ከአልጋ ስር፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ጋር ያስገቡት። በየሳምንቱ ይዩት። አንዱ መበስበስ ከጀመረ ቶሎ ያውጡት።